ጂን የገባላት ባክቴሪያ የትኛዋ ናት?

ከትንሽ ጣታችሁ የምታንስ የፕላስቲክ ቲዩብ በእጃችሁ ይዛችኋል እንበል። ውስጧ ጥቂት ጠብታ ደፍረስ ያለ ውሃ አለ። ያደፈረሰው ባክቴሪያ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የላብራቶሪ ባክቴሪያ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር። ከደቂቃዎች በፊት አዲስ ጂን፣ ማለትም አንድ የዘረመል መመሪያ ቁራጭ፣ ልናስገባላቸው ሞክረናል። ለጥቂቶቹ ገብቶላቸዋል። ለአብዛኞቹ አልገባም። የገባላት የትኛዋ ናት?

በማይክሮስኮፕ ብታዩአቸው አይለዩም። የአንዷ ርዝመት የሚሊሜትር 500ኛ እጅ ያህል ነው። ሁሉም አጭር ዱላ ይመስላሉ። የገባው ጂን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የኢ. ኮላይ ዘረመል 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት፣ ማለትም የዲኤንኤ ኬሚካዊ ክፍሎች፣ አሉት። እኛ የምናስገባው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሺህ ፊደል ብቻ ነው። ሺህ ገጽ ባለው መጽሐፍ መሐል ጥቂት ቅጠል ወረቀት እንደ መክተት ነው። መጽሐፉን ከውጭ አይቶ ማን ያውቃል?

የሚገባላቸው ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። በተለመደው አሠራር ከሺህ አንዷ ብትቀበል ጥሩ ነው የሚባለው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ከስንዴ ውስጥ እንክርዳድ መልቀም ለለመደ ሰው ይህ ግልብጡ ነው። ጆንያ ሙሉ እንክርዳድ ውስጥ የወደቁ ጥቂት የስንዴ ፍሬዎችን እንደ መፈለግ ነው። ያውም ሁሉም መልካቸው አንድ ሆኖ።

ለዚህ የተገኘው መላ ጠቋሚ ጂን ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከምንፈልገው ጂን ጋር ሌላ ጂን አብሮ ይላካል። የሁለተኛው ጂን ሥራ መመስከር ነው። «እኔ እዚህች ሴል ውስጥ አለሁ» ይላል። የምንፈልገው ጂን ኢንሱሊን ሊያሠራ ይችላል፣ ክትባት ሊያሠራ ይችላል፣ ወይም ምንም የሚታይ ነገር ላይሠራ ይችላል። ጠቋሚው ግን ሴሏን ከሌሎቹ የሚለይ አንድ ነገር ያደርግላታል። ወይ ከሞት ያድናታል፣ ወይ ቀለሟን ይቀይራል፣ ወይ ያበራታል።

ተማሪዎችን ላብራቶሪ ውስጥ ሳለማምድ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ። «ጠቋሚ ጂን የተለወጠችውን ሴል ይለያል» ብለው ይሸመድዱና እዚያው ይቆማሉ። ነገሩ ግን እንደ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል። ጠቋሚው ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ካላወቅን፣ ያልነገረንን ነገር ነገረን ብለን ወር ሙሉ በባዶ እንደክማለን። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ጠቋሚ የሚመልሰው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ።

ጂኑ በምን ተጭኖ ይገባል?

ጂን ብቻውን ወደ ባክቴሪያ አይላክም። መጓጓዣ ያስፈልገዋል። መጓጓዣው ፕላዝሚድ ነው። ፕላዝሚድ ክብ የሆነች ትንሽ ዲኤንኤ ናት። ባክቴሪያዋ ከዋናው ዘረመሏ ለብቻ ይዛት ትኖራለች፤ ስትራባም አብራ ታባዛታለች። ሰው የፈጠራት ነገር አይደለችም። በተፈጥሮ ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ ይቀባበላሉ።

ላብራቶሪ ውስጥ ፕላዝሚዷን በቆራጭ ኢንዛይም አንድ ቦታ ላይ እንቆርጣታለን። የምንፈልገውን ጂንም በዚያው ኢንዛይም እንቆርጣለን፤ ጫፎቻቸው እንዲገጥሙ። ከዚያ ሁለቱን ላይጌዝ ከሚባል አጣባቂ ኢንዛይም ጋር እናገናኛቸዋለን። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ላይጌዝ የኛን ሐሳብ አያውቅም። ጫፍና ጫፍ ሲያገኝ ያጣብቃል፣ በቃ። አንዳንዷ ፕላዝሚድ ጂኑን ይዛ ትዘጋለች። ብዙዎቹ ግን ምንም ሳይዙ የራሳቸውን ሁለት ጫፍ መልሰው ይገጥማሉ። ስለዚህ ቲዩባችን ውስጥ ጭነት የያዘችም ባዶዋም ፕላዝሚድ አለች። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ማስገባት ነው። ባክቴሪያዎቹ ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ሆነው በረዶ ላይ ይቆያሉ። ዲኤንኤም የሴሏ ገጽም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ካልሲየሙ መሐል ገብቶ ያቀራርባቸዋል። ከዚያ ቲዩቡ ከበረዶው ወጥቶ ድንገት 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ውስጥ ይገባል። ለ45 ሴኮንድ ያህል ብቻ። ወዲያው ወደ በረዶው ይመለሳል። በዚህ ድንጋጤ መሐል ለአንዳንዷ ባክቴሪያ ፕላዝሚድ ይገባላታል።

አሁን የመጀመሪያውን ምስክር እንጥራ።

በሕይወትና በሞት የሚለይ ጠቋሚ

በጣም የተለመደው ጠቋሚ ባክቴሪያዋን አንቲባዮቲክ እንድትቋቋም የሚያደርግ ጂን ነው። አምፒሲሊንን እንውሰድ። የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ ብዙ ሰው በመድኃኒትነቱ ያውቀዋል። ባክቴሪያ ስታድግ በዙሪያዋ ያለውን ግድግዳ እያስፋፋች ማያያዝ አለባት። አምፒሲሊን የማያያዙን ሥራ የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ጠርቅሞ ይይዛቸዋል። ሴሏ ማደጓን አትተውም፣ ግድግዳው ግን አልተያያዘም። ትፈነዳለች።

ፕላዝሚዷ ላይ ያለው ጠቋሚ ጂን ቤታ-ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም ያሠራል። ይህ ኢንዛይም የአምፒሲሊኑን ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ይሰብረዋል። ቀለበቱ ከተሰበረ መድኃኒቱ መድኃኒት መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ፕላዝሚድ የገባላት ትተርፋለች፣ ያልገባላት ትሞታለች። ከመቶ ሚሊዮን ውስጥ አንድ በአንድ መፈለግ ቀረልን። የማንፈልጋቸውን መድኃኒቱ ራሱ አስወገደልን።

ከሙቀቱ ድንጋጤ በኋላ ባክቴሪያዎቹን በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ አንልካቸውም። 37 ዲግሪ ላይ፣ መድኃኒት በሌለበት ምግብ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያርፋሉ። ጂኑ መግባቱ ብቻ አያድንም፤ ጂኑ ተነብቦ ኢንዛይሙ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ጋሻው ሳይደርስ ጦርነት ውስጥ መግባት ይሆናል። በተለይ እንደ ካናማይሲን ባሉ መድኃኒቶች ይህችን ሰዓት የዘለለ ሰው የሚያገኘው ምንም ያልበቀለበት ዲሽ ነው።

ከዚያ ጥቂት ጠብታ ፔትሪ ዲሽ በሚባል ጠፍጣፋ ክብ ሳህን ላይ ይፈስና ይለቀለቃል። ዲሹ ውስጥ ያለው እንደ ገንፎ የረጋ ምግብ ነው፤ አጋር ይባላል። በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም አምፒሲሊን ተቀላቅሎበታል። ዲሹ ተገልብጦ ኢንኩቤተር በሚባል ሙቀቱ በተስተካከለ ሣጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት፣ ሥራው ከሰመረ፣ ክሬም መልክ ያላቸው ትንንሽ ክብ ነጠብጣቦች ተበታትነው ይታያሉ። ኮሎኒ ይባላሉ። እያንዳንዷ ኮሎኒ ማታ በዚያ ቦታ ላይ ከወደቀች አንዲት ሴል የተነሳች ናት። ኢ. ኮላይ ሲመቻት በ20 ደቂቃ ለሁለት ትከፈላለች። በአንድ ሌሊት በዓይን የማትታየው አንዲቷ ሚሊዮኖች ሆና ትታያለች። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አሁንም ጠዋት ያንን ዲሽ ስገለብጥ ልቤ ይመታል።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አጋር ሲዘጋጅ ይፈላል። አምፒሲሊን የሚጨመረው አጋሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በጣም ትኩስ እያለ ከተጨመረ መድኃኒቱ ይበላሻል። ቸኩዬ ነበር፤ ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነበር። ጠርሙሱን በእጄ መያዝ እያቃተኝ ጨመርኩት። በማግስቱ ዲሾቹ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍነዋል፤ ኮሎኒ አይቆጠርም፣ ወለል ብሎ የተለቀለቀ ቅባት ነው የሚመስለው። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። «ሁሉም ተቀበሉ!» አሉ።

ያዳነን አንድ ዲሽ ነበር። ፕላዝሚድ ጨርሶ ያልተሰጣቸው ባክቴሪያዎች የፈሰሱበት ዲሽ። ባዶ መሆን ነበረበት። እሱም ተሸፍኗል። ይህ ማለት መድኃኒቱ ማንንም አልገደለም። ማንም ያልሞተበት ቦታ መትረፍ ምንም አይመሰክርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላዝሚድ ያላገኙት ሴሎች ዲሽ ከጎኑ የሌለበትን ውጤት አልቀበልም፤ የማንም ይሁን። ተማሪዎች «እሱ ዲሽ እኮ ባዶ ነው የሚሆነው፣ ለምን ይባክናል?» ይሉኛል። ባዶ መሆኑን ማየት ነው ቁም ነገሩ።

ሌላም ማታለያ አለ። ቤታ-ላክታሜዝ ሥራውን የሚሠራው የሴሏ ዳር አካባቢ ነው፤ እየፈሰሰም ወደ ውጭ ይወጣል። ዲሹ ኢንኩቤተር ውስጥ ከቆየ፣ በትልቋ ኮሎኒ ዙሪያ ያለው አምፒሲሊን እየተሰበረ ያልቃል። ያኔ ፕላዝሚድ የሌላቸው ሴሎች በእሷ ጥላ ሥር ይበቅላሉ። በትልቋ ዙሪያ የሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው። ሳተላይት ኮሎኒ ይባላሉ። አትንኩአቸው። ዲሹንም ከልክ በላይ አታቆዩት።

የተረፈችው ሁሉ የምንፈልጋት አይደለችም

እንግዲህ በትክክል የተሠራ ዲሽ ላይ ኮሎኒ አገኘን። ምስክሩ ምን አለን? «ፕላዝሚድ ገብቶላታል» አለ። ጂናችን ገብቷል አላለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ባዶዋ ፕላዝሚድም የአምፒሲሊን ጂኑን ይዛለች። ባዶዋን የተቀበለች ባክቴሪያም ትተርፋለች።

ይህ ጣጣ ከሥራው ልደት ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በስታንፎርድ የነበሩት ስታንሊ ኮኸንና አኒ ቻንግ፣ ከሳን ፍራንሲስኮዎቹ ኸርበርት ቦየርና ሮበርት ሄሊንግ ጋር ሆነው፣ በሙከራ ቲዩብ የተጣመረ ፕላዝሚድ ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገቡ። መጓጓዣዋ ቴትራሳይክሊንን የሚያስችል ጂን ነበራት። የጫኑባት ደግሞ ካናማይሲንን የሚያስችል ጂን ነው። ሁለቱም መድኃኒት ያለበት ዲሽ ላይ አፈሰሱ። የተረፈችው ሁለቱንም ይዛለች ማለት ነው። ጭነቱ ራሱ መናገር የሚችል ስለነበር ጥያቄው በአንድ ጊዜ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት የእንቁራሪት ዲኤንኤ ገባ። የእንቁራሪት ዲኤንኤ ባክቴሪያን ከምንም መድኃኒት አያድንም። ቴትራሳይክሊኑ የሚመሰክረው ስለ መጓጓዣዋ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የተረፉትን እየለቀሙ፣ ከእያንዳንዳቸው ዲኤንኤውን እያወጡ መመርመር ግድ ነበር። አድካሚ ሥራ ነው። ቀጥሎ የመጣው ብልሃት ሁሉ ይህን ድካም ለመቀነስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ፒቢአር322 የተባለች ፕላዝሚድ ወጣች። ቢ እና አር የሠሯት የቦሊቫርና የሮድሪጌዝ ስሞች መነሻ ናቸው። 4,361 ፊደላት ብቻ ያሏት ትንሽ ክብ ናት። ሁለት ጠቋሚ ተሸክማለች፤ አንዱ ለአምፒሲሊን፣ አንዱ ለቴትራሳይክሊን። ብልሃቱ መቁረጫው ቦታ ላይ ነው። የምንፈልገውን ጂን የምንከትተው ልክ በቴትራሳይክሊኑ ጂን ሆድ ውስጥ ነው። ጂናችን ሲገባ የቴትራሳይክሊኑ ጂን ለሁለት ይሰነጠቅና ይበላሻል።

ውጤቱን ተከታተሉ። ምንም ፕላዝሚድ ያልገባላት በአምፒሲሊን ትሞታለች። ባዶዋ የገባላት ከሁለቱም መድኃኒት ትተርፋለች። ጂናችንን የያዘችው የገባላት ግን ከአምፒሲሊን ትተርፍና በቴትራሳይክሊን ትሞታለች። የምንፈልጋት የምትሞተዋ ናት! የሞተችውን ደግሞ ምን ልናደርጋት?

መልሱ ከፋይ ጨርቅ ነው። አዎ፣ ያው ለልብስ የሚሆነው ለስላሳው ከፋይ። ዘዴውን ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትመውታል። ከዲሽ አፍ ጋር የሚመጣጠን ክብ እንጨት ወይም ብረት ላይ በእንፋሎት የተቀቀለ ንጹህ ከፋይ ይወጠራል። ኮሎኒዎቹ ያሉበት የአምፒሲሊን ዲሽ ተገልብጦ ከፋዩን ለስለስ አድርጎ ይነካል። የከፋዩ ጸጉር እንደ ሺህ ጥቃቅን መርፌ ሆኖ ከየኮሎኒው ትንሽ ትንሽ ያነሳል። ከዚያ ቴትራሳይክሊን ያለበት አዲስ ዲሽ እዚያው ከፋይ ላይ ይታተማል። ልክ ማኅተም እንደመምታት ነው። ሁለቱም ዲሽ ጠርዝ ላይ በማርከር መስመር ይሰመራል፤ አቅጣጫው ከተዛባ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

በማግስቱ ሁለቱን ዲሽ ጎን ለጎን እንይዛለን። መጀመሪያው ላይ ያለችና ሁለተኛው ላይ ቦታዋ ባዶ የሆነች ኮሎኒ እንፈልጋለን። ቅጂዋ ሞታለች፣ እሷ ግን በመጀመሪያው ዲሽ ላይ በሕይወት አለች። እሷን እንለቅማለን። እኔ ይህን ዘዴ ለተማሪ ማሳየት እወዳለሁ። በሌለ ነገር ያለውን ማንበብ ስለሚያስተምር።

ፒቢአር322 የወለደችው ነገር የብዙ ሰው ፍሪጅ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ የጄነንቴክና የሲቲ ኦፍ ሆፕ ተመራማሪዎች የሰው ኢንሱሊን የሚያሠሩ ጂኖችን በዚህች ፕላዝሚድ ላይ ተመሥርተው ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገቡ። በ1982 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚወጣው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ስኳር ያለበት ሰው የሚወጋው ኢንሱሊን ጂን ገብቶላቸው በተለዩ ተህዋስያን የተሠራ ነው፤ በባክቴሪያ ወይም በእርሾ። አንድ ቀን አንድ ሰው ዲሽ ላይ አጎንብሶ «ይቺ ናት» ብሎ ለይቷታል።

ሰማያዊና ነጭ

ከፋይ ማተም ሁለት ቀን ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነዮአኪም ሜሲንግ ቡድን በአንድ ዲሽ፣ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ዘዴ አመጣ። ፒዩሲ የሚባሉት ፕላዝሚዶች የዚያ ሥራ ናቸው፤ ስማቸው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ፒዩሲ19 ላይ 2,686 ፊደላት ብቻ አሉ። አምፒሲሊኑ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ጠቋሚ ግን የመድኃኒት ሳይሆን የቀለም ነው።

ኢ. ኮላይ የወተት ስኳርን የሚቆርጥ ኢንዛይም አላት፤ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ይባላል። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው ባክቴሪያዎች የዚህ ኢንዛይም አንድ ቁራጭ ጎድሏቸዋል። የጎደለውን ቁራጭ ፕላዝሚዷ ታመጣለች። ሁለቱ ሲገናኙ ኢንዛይሙ ሙሉ ይሆናል። ዲሹ ላይ ኤክስ-ጋል የሚባል ቀለም አልባ ነገር እንጨምራለን። ሙሉው ኢንዛይም ኤክስ-ጋልን ሲቆርጠው ሰማያዊ ይወጣዋል፤ ጂንስ ሱሪ የሚነከርበት የኢንዲጎ ዘመድ ነው።

መቁረጫው ቦታ ያለው ያ ቁራጭ በሚጻፍበት ጂን መሐል ነው። ባዶ ፕላዝሚድ የገባላት ኮሎኒ ሰማያዊ ትሆናለች። ጂናችን ከገባ ቁራጩ ይበላሻል፣ ኢንዛይሙ አይሟላም፣ ኮሎኒዋ ነጭ ትቀራለች። ነጯን ልቀሙ። ቀለሙ ደብዘዝ ካለባችሁ ዲሹን ጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ሰማያዊው ይጎላል።

ቆንጆ ዘዴ ነው። ግን ነጯ ምን መሰከረች? «ቁራጩ ተበላሽቷል» ብቻ። በምን እንደተበላሸ አላወቀችም። የኛ ጂን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከላብራቶሪው ሌላ የዲኤንኤ ስብርባሪ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ሲቆረጥ የፕላዝሚዷ ጫፍ ተሸርፎ፣ ምንም ሳይገባ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በጣም አጭር ጂን ገብቶ ንባቡን ሳያዛባ ቢቀር፣ ትክክለኛዋ ኮሎኒ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆና ትታለፋለች። ጂኑ ተገልብጦ መግባቱን ደግሞ ቀለም ጨርሶ አይናገርም።

ስለዚህ ነጭ ኮሎኒ ተጠርጣሪ እንጂ የተፈረደላት አይደለችም። ጥቂቶቹ ይለቀሙና አንድን የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛው በፒሲአር ዘዴ ይፈተሻሉ፤ የገባው ነገር ርዝመት ልክ ነው ወይ? ከዚያ ፕላዝሚዱ ወጥቶ ፊደሉ በሙሉ ይነበባል። ዛሬ ማንበብ ረክሷል። ነገር ግን መቶ ሚሊዮን ሴል ማንበብ አይቻልም፤ አራት ኮሎኒ ማንበብ ይቻላል። ጠቋሚ ጂን የሚያስገኝልን ጥቅም ይህ ነው፤ መቶ ሚሊዮኑን ወደ አራት ያወርድልናል።

የሚያበራው ምስክር

እስካሁን ያየናቸው ምስክሮች «ገብቷል ወይስ አልገባም?» ነው የሚመልሱት። ሌላ ጥያቄም አለ። ጂኑ እየሠራ ነው ወይ? ጂን ገብቶ ዝም ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ የሚመጣው አረንጓዴ የሚያበራው ፕሮቲን ነው፤ በአጭሩ ጂኤፍፒ። መገኛው በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ የሚኖር ጄሊፊሽ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ፕሮቲኑ ጻፈ። ዳግላስ ፕራሸር በ1992 ጂኑን ለይቶ አሳተመ፣ ለሌሎችም ላከላቸው። በ1994 የማርቲን ቻልፊ ቡድን ጂኑን ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብቶ ሲያበራ አሳየ። ሮጀር ሲየን ደግሞ አሻሻለው፣ ሌሎች ቀለማትንም አወጣ። በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለሲየን ተሰጠ። ፕራሸር በዚያን ጊዜ የምርምር ገንዘብ አጥቶ ከሳይንስ ወጥቶ፣ የመኪና መሸጫ ደንበኞችን የሚያመላልስ ሹፌር ሆኖ ይሠራ ነበር። ቻልፊና ሲየን ወደ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ጋብዘውት ሄዷል። ስሙ እንዲታወስ ስለምፈልግ ነው ያነሳሁት።

ጂኤፍፒ እንደ ኤክስ-ጋል የሚጨመርለት ውድ ነገር አይፈልግም። ኦክሲጅን ካለ ይበቃዋል። ሰማያዊ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመልሳል። ሴሏ ሳትሞት፣ ሳትነካ ትታያለች።

በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ የሚያሳየው ፒግሎ የሚባለው የማስተማሪያ ፕላዝሚድ ነው። የአምፒሲሊን ጂንም ጂኤፍፒም አለው። ጂኤፍፒው ግን የሚነቃው አራቢኖስ የሚባል ስኳር ሲኖር ብቻ ነው። ፕላዝሚዱን የተቀበሉትን ባክቴሪያዎች አምፒሲሊን ብቻ ያለበት ዲሽ ላይ ብታፈሱ ኮሎኒ ይበቅላል፣ ግን አያበራም። አምፒሲሊንም አራቢኖስም ያለበት ላይ ብታፈሱ ይበቅላልም ያበራልም። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ አንድ ዓይነት ጂን። ጂኑ በሁለቱም ዲሽ አለ፤ በአንደኛው ተኝቷል። መብራት አጥፍተን ሁለቱን ዲሽ ጎን ለጎን ሳሳያቸው ተማሪዎች ዝም ይላሉ። «ጂን አለ» እና «ጂን ይሠራል» ሁለት ነገር መሆኑ በቃላት ከነገርኳቸው ይልቅ ያኔ ይገባቸዋል።

ስለ አንቲባዮቲኩ ጥያቄ

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፣ መጠየቅም ያለበት ጥያቄ አለ። መድኃኒት የማይገድላት ባክቴሪያ ሆን ብሎ መሥራት አደጋ የለውም ወይ?

የመቋቋሚያ ጂኖቹን ላብራቶሪ አልፈጠራቸውም። ከተፈጥሮ ነው የተወሰዱት። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች ብዙ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋቋሙ ታይቷል፤ ችሎታውንም አንዱ ለሌላው እንደሚያስተላልፍ የታወቀው የጂን ምህንድስና ከመጀመሩ በፊት ነው። የላብራቶሪዋ ኢ. ኮላይም የተዳከመች ናት፤ ከዲሹ ውጭ ኑሮ ይከብዳታል። ሆኖም ይህ ለመዘናጋት ምክንያት አይሆንም። እኛ አገር አንቲባዮቲክ ያለ ትዕዛዝ ሲገዛና ሳይጨረስ ሲቋረጥ እናያለን። በዚህ ላይ ከላብራቶሪ የሚወጣ አንድም ነገር መጨመር የለበትም።

ጉዳዩ ከበድ የሚለው ጠቋሚው ከላብራቶሪ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ገበያ የወጣው፣ በጂን ምህንድስና የተለወጠው ፍሌቨር ሴቨር ቲማቲም የካናማይሲን ጠቋሚ ጂን ይዞ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መርምሮ ፈቅዶታል። የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ፣ በጤናና በአካባቢ ላይ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉ የአንቲባዮቲክ ጠቋሚዎች በሂደት ከልውጠ ሕያዋን (ጂናቸው በሰው ከተለወጠ ሕያዋን) እንዲወጡ አዘዘ። ኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655ን አውጥታለች፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አሻሽላዋለች። ማንኛውም ልውጠ ሕያው ላይ የሚሠራ ሰው ሊያነበው ይገባል ባይ ነኝ።

አማራጭም አለ። ለምሳሌ አንድ አስፈላጊ አሚኖ አሲድ መሥራት የማትችል ባክቴሪያ ይወሰዳል። የጎደላትን ጂን ፕላዝሚዷ ታመጣላታለች። ያ አሚኖ አሲድ በሌለበት ምግብ ላይ የምታድገው የተቀበለችው ብቻ ናት። ምንም አንቲባዮቲክ አላስፈለገም። ሌላው ገዳይ ጂን ነው። መቁረጫው ቦታ ሲሲዲቢ የሚባል ሴል የሚገድል ጂን መሐል ይቀመጣል። ፕላዝሚዷ ባዶ ከገባች ሴሏን ትገድላለች፤ ጂናችን ገብቶ ከሰነጠቀው ገዳዩ ይመክናል፣ ሴሏ ትተርፋለች። ባዶዋን ለመለየት ከፋይም ቀለምም አያስፈልግም። ለሰው የሚሰጥ ነገር ሲሠራ ደግሞ፣ አንቲባዮቲክ ግድ ከሆነም፣ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ ከአምፒሲሊን ይልቅ ካናማይሲን ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ዲሾቹ በሙሉ ኦቶክሌቭ ይገባሉ። 121 ዲግሪ፣ በእንፋሎት ግፊት፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። አንድም ዲሽ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። የሚቀረው የተለቀመችው ኮሎኒ ብቻ ነው። በምግብ ታድግና ከግሊሰሮል ጋር ተቀላቅላ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ትቀመጣለች። ቲዩቧ ላይ የፕላዝሚዱ ስም፣ ቀኑ፣ የጠቋሚው ስም ይጻፋል። የጠቋሚውን ስም አትዝለሉ። ፕላዝሚድ ለባክቴሪያዋ ሸክም ነው። መድኃኒቱ ከሌለ የጣሉት ከተሸከሙት ይልቅ በፍጥነት ይራባሉ፤ በጥቂት ቀን የተሸከሙት ይዋጣሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያችን ቲዩብ የሚያወጣ ሰው በየትኛው መድኃኒት እንደሚያሳድጋት የሚያውቀው እናንተ በጻፋችሁት ነው።